ጋሽ ዘለቀና ባዶው ቻናል

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሰፈራችን ንባብ ቤት ኢንተርኔት ቀጥ አለ። ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው አጉረመረሙ፤ እኔም እንደ ልማዴ «አቶ ገበየሁ ማይክ ጨበጡ» ብዬ ወደ በሩ ወጣሁ። አቶ ገበየሁ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከቁልቁለቱ ታች የእድሩ ሞንታርቦ መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ «በሞት የተለዩን የእድራችን አባል» ብሎ የጋሽ ዘለቀን ስም ከነአባታቸው ጠራ።

ኢንተርኔቱን ወደዚያ ንባብ ቤት ያመጡት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። እድሩ በማይክ በተናገረ ቁጥር ዝም እንዲል አድርገው የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሞታቸውን ዜና የሰማሁት የገዛ መሣሪያቸው ለዜናው ቦታ ስለለቀቀ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ጋሽ ዘለቀ ግን በሕይወት እያሉም ሰው ሲናገር አቋርጠው አያውቁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንዲህ ያለ ሰው ጉለሌ ውስጥ እንዴት ሰባ ዓመት ሊኖር እንደቻለ ዛሬም አይገባኝም። ቀጠን ያሉ ነበሩ፤ ከኮታቸው ኪስ ማዳመጫና ፒንሳ አይጠፋም። ተራራው ላይ ባለ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ሠላሳ ዓመት ቴክኒሻን ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ሰው አለው?» ይህን ሳይጠይቁ የትም አይቀመጡም።

አንድ ጠዋት ሸጎሌ ታክሲ ስንሳፈር አብሬያቸው ነበርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን በበሩ አስገብተው ረዳቱን፣

«የመስኮቱ ወንበር ሰው አለው?» አሉት።

«አባባ፣ መኪናው ሹፌርም የለው እኮ» አለ ረዳቱ።

«ሹፌሩማ ይመጣል። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ወንበሩ ነው።»

ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ ሰውዬው ደህና ናቸው ወይ በሚል ዓይን አየኝ። እኔም እንደማላውቃቸው ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከትኩ። ከተቀመጡም በኋላ የተቀመጡት በወንበሩ ጫፍ ነበር፤ ባለቤቱ ከኋላ ቢመጣ ቶሎ ለመነሣት እንዲመቻቸው። ሌላው ተሳፋሪ ተጋፍቶ፣ ተረጋግጦ፣ ተሰዳድቦ ሲገባ እሳቸው ጉልበታቸውን ሰብስበው ለሁሉም «እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ» ይላሉ። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያፍራል።

እኔ የአየር ሞገድ በሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ውስጥ የፈቃድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ አየር አከፋፍላለሁ እላለሁ፤ ሲስቁ እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር የምናከፋፍለው ጥቂት ነው፤ የምንጠብቀው ይበዛል። ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ሲዞር ድሮ አንድ ጣቢያ ብቻውን ይዞት በነበረ ቦታ ላይ ብዙ ጣቢያ ተደራርቦ ተኛ፤ የቀሩት ቻናሎች ባዶ ሆኑ። ባዶ ሆኑ እንጂ ነጻ አልሆኑም። ለወደፊት ተይዘዋል። ወደፊት መቼ እንደሚመጣ ግን ለመሥሪያ ቤታችን በደብዳቤ አልተገለጸም። ስለዚህ ማንም እንዳይገባባቸው በየቀኑ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንጠብቃቸዋለን።

ጋሽ ዘለቀ ወደ ቢሮዬ የመጡት ይህን ባዶ ሊዋሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከጠረጴዛዬ ፊት ያለውን የባለጉዳይ ወንበር አይተው፣

«ሰው አለው?» አሉኝ።

«የለውም፣ ጋሽ ዘለቀ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ከጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ ነገሩንም ከሥሩ አስረዱኝ። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ያለው ንባብ ቤት የተሠራው ከገደሉ እጥፋት ውስጥ ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። አምስት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሲመረቅ ሪባን ተቆርጦላቸዋል። ኬብል ሊቀበርላቸው መንገዱ ሦስት ጊዜ ተቆፍሮ ሦስት ጊዜ ተደፍኗል፤ አራተኛው ጉድጓድ አሁንም ክፍት ነው፤ እሱም ለወደፊት ሳይያዝ አልቀረም። የንባብ ቤቷ ኃላፊ መሠረት በየጠዋቱ የኮምፒውተሮቹን አቧራ ትጠርጋለች፤ ከዚያ በኋላ እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ ይውላሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የዳገቱ ልጆች ማውስ የሚይዙት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናው ቀን ነው።

«የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ገደል አይፈራም» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ሠላሳ ዓመት ልኬዋለሁ፤ ጠባዩን አውቃለሁ። ታች ወረዳው ጽሕፈት ቤት ኢንተርኔት አለ። ከዚያ በቻናል ሠላሳ አራት ወደ ላይ ላውጣው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ የተረፈ መሣሪያ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ የመጣ ቀን እነሣለሁ።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ታዲያ ምን ወደ እኛ አመጣዎት? ዝም ብለው ይሰኩት። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። «ደሞዝ የሚከፍሉህ ለዚህ መስሎኝ።»

በቢሮዬ ውስጥ ሥራዬን ያስታወሰኝ ብቸኛ ባለጉዳይ እሳቸው ናቸው።

ችግሩ ቅጽ አለመኖሩ ነበር። አየር ለሚገዛ ቅጽ አለን፣ ለሚያድስ ቅጽ አለን፣ ለሚመልስም አለን፤ ለሚዋስ ግን የለንም። ባዶ ቻናልን በጋራ ስለመጠቀም የሚደነግግ መመሪያ በረቂቅ ደረጃ ነበር፤ እኔ ስቀጠርም በረቂቅ ደረጃ ነበር። ኃላፊዬ ግን መላ አላጡም። ወደ እኛ የተዛወሩት ከመሬት ነክ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ባዶ ነገር ሲያዩ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

«ቦታው ክፍት መሆኑን በአካባቢው ነዋሪ ያስመስክሩ» አሉ። «አዋሳኞቹም ተለይተው ይቅረቡ።»

«አየር እኮ ነው» አልኳቸው።

«አየርስ ቢሆን አዋሳኝ የለውም?»

ይህን ለጋሽ ዘለቀ ስነግራቸው ይናደዳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ብዕር አውጥተው ጻፉ፦ በላይ በኩል ቻናል ሠላሳ አምስት፣ በታች በኩል ቻናል ሠላሳ ሦስት፣ በምሥራቅና በምዕራብ እግዚአብሔር ያውቃል። ኃላፊዬ አንብበው በጣም ደስ አላቸው። የተሟላ ማመልከቻ ማለት ይህ ነው ብለው ለሌሎች ሠራተኞች በምሳሌነት አሳዩት።

ምስክሩን ለማሰባሰብ ጋሽ ዘለቀ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን በጋቢ ጠቅልለው በጀርባቸው አዝለው የቀጨኔን ቁልቁለት ወረዱ፤ የሞገድ መለኪያቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለዋል። በየቤቱ ይገባሉ፣ ቴሌቪዥኑን ይሰካሉ፣ ቻናል ሠላሳ አራት ላይ ያደርጉታል፤ ሽሽ ከሚል ነጭ ነጠብጣብ በቀር የሚታይ የለም። ባለቤቶቹም «ምንም አላየንም» ብለው ይፈርማሉ። አሥራ ዘጠኝ ቤት ዞሩ። እትዬ አስካለ የተባሉ ጎረቤታችን ነጠብጣቡን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣

«ምንም አላየሁም ብዬ ልፈርም?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ አስካለ።»

«ዘንድሮ ከዚህ የቀለለ ነገር ማንም አስፈርሞኝ አያውቅም። በኋላ ግብር አያመጣብኝም?»

የመጨረሻው ፊርማ የእድሩ ነበር፤ ማኅተም ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። አቶ ገበየሁ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። የቀረበላቸውን ወረቀት ከማየታቸው በፊት እጃቸው ኪስ ይገባል። በዚያ ሰሞን ልጃቸው ከዱባይ ገመድ አልባ ማይክ አምጥታላቸው ነበርና ጥሩንባ ነፊውን በክብር አሰናብተው የሰፈሩን ልደትና ሞት፣ የጠፋ በግና የስብሰባ ጥሪ በራሳቸው ድምፅ ማወጅ ጀምረዋል። ጋሽ ዘለቀ ሲገቡ ማይኩ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የተኛ ማይክ ደግሞ መለኪያ ላይ አይታይም።

«ባዶ ነው?» አሉ አቶ ገበየሁ።

«እስካሁን ባዶ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

ማኅተሙ አረፈ። ቻናሉ ባዶ ለመሆኑ በማኅተም ያረጋገጠው ሰው፣ ቻናሉን የያዘው ማይክ ባለቤት ነበር። ይህን በዚያ ሰዓት ማናችንም አላወቅንም።

ያወቅነው በሙከራው ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊዬ ከኮሚቴ ጋር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ዳገቱን ወጡ። ጋሽ ዘለቀ አንቴናውን ከቆርቆሮው ላይ አስተካክለው መሣሪያውን ሰኩት፤ ቤዛ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የፈተና መለማመጃ ገጽ ከፈተች፤ ተከፈተ። መሠረት አፏን በእጇ ያዘች። ኃላፊዬ ፎቶ እንዲነሣ አዘዙ። ፎቶው ሳይነሣ ገጹ ቆመ።

«ተበላሸ» አሉ ኃላፊዬ፣ እንደጠበቁት።

ጋሽ ዘለቀ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡ፤ ከዚያ ሳቁ። ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝ። ውስጡ አቶ ገበየሁ ስለ እድር መዋጮና ስለ ሥነ ምግባር እየተናገሩ ነበር።

«አልተበላሸም» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ከመናገሩ በፊት እንዲያዳምጥ አድርጌዋለሁ። አዳመጠ፤ ሰው አለው፤ ዝም አለ።»

ኃላፊዬ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው በራ። መሥሪያ ቤታችን ሕገወጥ ነገር ካገኘ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ማይኩ ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ የሌለው ነገር በሕግ ፊት የለም፤ የሌለ ነገር ይወረሳል። ችግሩ በአሥር ደቂቃ ሊያልቅ ነው። ሁለት ሰው ወደ ታች እንዲወርድ አዘዙ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«የሚጠቅመው እርስዎን እኮ ነው።»

«ቀድሞን ነበረ። ወረቀት ስለሌለው አልነበረም አይባልም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ባዶና ዝም ያለ አንድ አይደሉም። ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በሌላ ቻናል ለመጠየቅ ደግሞ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ አዋሳኝ፣ አዲስ አሥራ ዘጠኝ ቤት ያስፈልጋል። ኮሚቴው መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ አንድም ቀን ተናግሬያቸው በማላውቀው ቃል ተናገርኳቸው። እነዚህ ልጆች ፈተናቸው ደርሷል፣ እርስዎ ለአንድ የዱባይ ማይክ ያዝናሉ፣ ጨዋነትዎ ለማን ነው የሚጠቅመው አልኳቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እሱ ወረቀት የለውም ብለን ማይኩን ዛሬ ብንነጥቀው» አሉ፣ «ነገ ወረቀት ያለው መጥቶ ልጆቹን ተነሡ ይላቸዋል። ልጆቹም የሚቀመጡት በውሰት ነው። ያን ጊዜ ማን ይቆምላቸዋል? አንተ?»

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የዚያ ዓመት ልጆች፣ ቤዛም ጭምር፣ ሳይለማመዱ ተፈተኑ። ጋሽ ዘለቀ በበኩላቸው አሥራ ዘጠኙን ቤት እንደገና ዞሩ፤ «ባዶ ነው ብዬ ያስፈረምኳችሁ ተሳስቼ ነው» ለማለት። እትዬ አስካለ «ሞልቷል ካልክ ሞልቷል ብዬ ልፈርምልህ፣ ብቻ ዳገቱን አትመላለስ፣ ልብህ ደህና አይደለም» አሏቸው። ልባቸው ደህና አለመሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘለቀ በየሳምንቱ ማክሰኞ ቢሮዬ መጡ። ይዘው የመጡት አዲስ ማመልከቻ አጭር ነበር፤ ቻናሉ ባዶ አይደለም፣ አንድ ማይክ አለበት፣ ማይኩ ሲናገር እኛ ዝም እንላለን፣ ዝም ሲል አሥር ደቂቃ ቆጥረን እንመለሳለን፣ የቴሌቪዥን ባለቤት ከመጣ ደግሞ ሁላችንም እንነሣለን ይላል ብለው በቃል ነገሩኝ። ኃላፊዬ ሕገወጥን እውቅና የሚሰጥ ነው ብለው ወደ ሕግ ክፍል መሩት። ሕግ ክፍል ቴክኒክ ነው ብሎ ወደ ቴክኒክ መራው። ቴክኒክ ፖሊሲ ነው አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወረቀቱ ወደ እኔ ሲመለስ ከመድከሙ የተነሣ በፕላስተር ተያይዞ ነበር።

ከዚያ የሪፖርት ጊዜ ደረሰ። ከበላይ አካል፣ በዓመቱ ውስጥ የተከናወነ አንድ የፈጠራ ሥራ እንዲገለጽ ተጠየቀ። ኃላፊዬ የዓመቱን ፋይል ሁሉ ፈለጉ፤ አላገኙም። ረቡዕ ዕለት «ያ ሽማግሌ አየሩን የሚዋሰው የት ደረሰ?» አሉኝ። ዓርብ ፈቃዱ ተፈረመ። በሁለት ቀን ውስጥ ሕግ ክፍልም ቴክኒክም ፖሊሲም ተስማሙ፤ አንዳቸውም አንብበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ስለ ራሴ ግን አልጠራጠርም፤ አላነበብኩትም። ያን ያህል ጊዜ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ያዛወርኩትን ፋይል ውስጡን እንደማውቀው አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ንባብ ቤቱ ሞላ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ መሠረት ወረፋ የሚይዝ ደብተር ከፈተች። አቶ ገበየሁም ማይካቸውን ባበሩ ቁጥር የንባብ ቤቱ ኢንተርኔት እንደሚቆም ሰሙ። እንዲህ ያለ ሥልጣን አግኝተው አያውቁም። ድሮ የአሥር ደቂቃ የነበረው ማስታወቂያ ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንዳንዴ ምንም ሳይኖር ማይኩን አብርተው «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ብለው ያጠፉታል፤ ለዚህች ልጆቹ አሥር ደቂቃ ይጠብቃሉ። መሠረት በገመድ እንዲናገሩ ለመለመን ሄዳ ነበር።

«በገመድ ታስሮ የሚናገር ዳኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው መለሷት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ በአቶ ገበየሁ ሂሳብ ግን ሰፈሩ ውስጥ ያለው ዝንብ ሁሉ መግባት ነበረበት። ልጆቹ ሲናደዱ ጋሽ ዘለቀ ከጥግ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው «መብቱ ነው» ይሏቸዋል። «ሰው እየተናገረ ነው። እስኪጨርስ መጽሐፍ ግለጡ።» የሚገርመው አንዳንዶቹ መግለጥ ጀመሩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ቤታቸው አልጋ ላይ ነው። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ስለ ሕመማቸው ስጠይቃቸው ስለ መሣሪያው ጠየቁኝ።

«ሲናገሩ ዝም ይላል?»

«ይላል።»

«ሲጨርሱስ?»

«አሥር ደቂቃ ቆጥሮ ይመለሳል።»

«ጨዋ ነው» አሉ፣ ስለ ልጃቸው እንደሚናገር አባት። የልጅ አባት አልነበሩም።

እሑድ ቀበርናቸው። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ጠሩኝና ካጽናኑኝ በኋላ፣ ሐዘኑ ከልብ ነበር፣ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ባለፈቃዱ በሞት ስለተለዩ ፈቃዱ እንዲቋረጥ፣ ቻናል ሠላሳ አራትም ባዶ ተብሎ እንዲመዘገብ የሚል ደብዳቤ እንዳዘጋጅ። ፈቃድ አይወረስም፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ለፈተናው የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ደብዳቤውን ለመጻፍ የፈቃዱ ቁጥር ስላስፈለገኝ ፋይሉን ገለጥኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አነበብኩት። የባለፈቃዱ ስም ከሚጻፍበት መስመር ላይ የጋሽ ዘለቀ ስም የለም። የእድሩ ስም ነው ያለው። ከሥሩ የአቶ ገበየሁ ፊርማና ያ የማይዘገይ ማኅተም አለ። ጋሽ ዘለቀ ከታች በኩል፣ «የመሣሪያው ጠጋኝ» በሚል መስመር ላይ በትንሹ ፈርመዋል፤ እዚያም በጫፉ ነው የተቀመጡት።

ወደ ኃላፊዬ ተመለስኩ።

«ባለፈቃዱ አልሞተም» አልኩ።

«ትናንት ቀበርን አላልከኝም?»

«ባለፈቃዱ እድሩ ነው።»

ፋይሉን ተቀብለው ስሙን አነበቡ። «እድር አይሞትም እንዴ?» አሉ።

«ሌላውን እየቀበረ ነው የሚኖረው።»

ማክሰኞ ሠልስት ነበር። ወደ ድንኳኑ ስሄድ መሠረት መንገድ ላይ አገኘችኝ። ንባብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ልጆቹ ያን ቀን ከሰዓት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ ፈተና በኢንተርኔት እየሠሩ ነው፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ አቶ ገበየሁ በዘጠኝ ሰዓት የጋሽ ዘለቀን የሕይወት ታሪክ ሊያነቡ እንደሆነ አውቃለሁ። ስድስት ገጽ ነው ተብሏል።

አቶ ገበየሁ ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ማይኩ በእጃቸው ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የፈቃዱን ግልባጭ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ወረቀት ከማኅተም በፊት ሲያነቡ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ማኅተሙ አስቀድሞ ያረፈበት ስለሆነ ይሆናል።

«ይኼ የኔ ፊርማ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«መቼ ፈረምኩ?»

«ሳያነቡ፣ ጋሽ ገበየሁ።»

«ዘለቀ አንብበው ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለእድሩ ይጠቅማል ወይ ስለው፣ ይጠቅማል አለኝ። እንግዲያ ምን አነባለሁ አልኩት።» በጣታቸው መስመሮቹን ተከተሉ። «ይኼ ቀድሞ የሚናገረው፣ የማይቋረጠው፣ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይኼ ደግሞ ዝም ብሎ የሚጠብቀው?»

«እሱም እርስዎ ነዎት። ፈቃዱ የእድሩ ነው።»

ወረቀቱን አጥፈው ከማኅተሙ ጋር ደረት ኪሳቸው ከተቱት። እኔ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ወንበሬን ለቅቄ ወደ ኋላ ሄድኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ አቶ ገበየሁ ተነሡ። ስድስቱን ገጽ በግራ እጃቸው፣ ማይኩን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። አውራ ጣታቸው ማብሪያው ላይ ነበር። በድንኳኑ መግቢያ በኩል የዳገቱ ጫፍ ይታያል፤ የንባብ ቤቱ ቆርቆሮና አንቴናው። ወደዚያ አዩ። ቆም ብለው አዩ። ከዚያ ማይኩን ሳያበሩ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና በባዶ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች «አይሰማም» አሉ። እትዬ አስካለ «ዝም በሉ፣ እየተናገረ ነው» አሏቸው። አቶ ገበየሁ ስድስቱንም ገጽ አነበቡ፤ ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆሜ አንድም ቃል አልሰማሁም። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ንግግሮቻቸው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።